ዋት ብቻውን ርቀት አይገዛም፦ ስለ ሬዲዮ መገናኛ በሰፊው ለተሰራጨው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሬዲዮ መገናኛን ርቀት እንዴት መጨመር እንደሚቻል ይመክራል። ዋና ዋና ነጥቦቹን አሳጥሬ፣ ሳላዛባ ላስቀምጣቸው። አንደኛ፣ ርቀትን የሚወስነው የአስተላላፊው ኃይል ነው፤ ዋቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱም እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ሁልጊዜ ከከፍተኛው ይርቃል፤ 2.4 ጊጋኸርዝን የመሰለውን አየሩና እርጥበቱ ይውጠዋል። ሦስተኛ፣ ሁለቱ አንቴናዎች በዓይን ከተያዩ ግንኙነቱ ይሠራል። አራተኛ፣ ኤስ ደብሊው አር (ከአንቴናው ወደ ኬብሉ የሚመለሰውን ኃይል መጠን የሚያሳይ ቁጥር) 1 ለ 1 ካሳየ፣ ማለትም ምንም ካልተመለሰ፣ የአንቴናው ነገር አለቀ። አምስተኛ፣ ተቀባዩ ደካማ ሲግናል ካልሰማ ከፊቱ ማጉያ ይጨመርለት።

ጸሐፊው በመጨረሻ አንድ ምሳሌ ሰጥተዋል። በ433 ሜጋኸርዝ፣ በ100 ሚሊዋት የሚሠራ የሴንሰር መገናኛ 3 ኪሎ ሜትር ላይ አልደርስ ብሏል። ሁለቱም አንቴናዎች የሩብ ሞገድ ዘንግ ሆነው ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ ቆመዋል፤ በእያንዳንዱ ጫፍ 10 ሜትር ቀጭን ኮአክሲያል ኬብል አለ፤ የተቀባዩ ባንድዊድዝ (የሚቀበለው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) 200 ኪሎኸርዝ ነው። መድኃኒቱ 1 ዋት ማጉያ ነው ብለዋል። ወደዚህ ምሳሌ እመለስበታለሁ፤ ለክርክሩ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ስለማይገኝ።

ጽሑፉ ጥሩ ነገር የለውም ማለቴ አይደለም። ኮኔክተር አትናቁ፣ አንቴና ሳትሰኩ አስተላላፊ አታብሩ ያሉት ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ችግሩ አምስቱም ነጥቦች ከአንድ ስሕተት መቀዳታቸው ነው፤ ጸሐፊው የሚያዩት ከአስተላላፊው የሚወጣውን ብቻ ነው። መልእክቱ ደረሰ አልደረሰ የሚባለው ግን በተቀባዩ ውስጥ ሲግናሉ ከኖይዙ፣ ማለትም ከማይፈለገው ጫጫታ፣ በስንት ዴሲቤል ይበልጣል በሚለው ነው። ዴሲቤል የኃይል ንጽጽር መለኪያ ነው፤ 3 ዴሲቤል እጥፍ ያህል፣ 10 ዴሲቤል አሥር እጥፍ ማለት ነው። የአስተላላፊው ዋት በዚያ ሒሳብ ውስጥ አንድ መስመር ነው፤ ብዙውን ጊዜም ውዱ መስመር።

ኃይል ሲጨመር የሚሆነው

ከአንቴና የወጣ ኃይል እየራቀ ሲሄድ እየሰፋ በሚሄድ ሉል ላይ ይበተናል። የሉሉ ገጽ ስፋት በርቀቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ ምንም በሌለበት ባዶ ጠፈር እንኳ ርቀትን እጥፍ ለማድረግ ኃይሉን አራት እጥፍ፣ ማለትም 6 ዴሲቤል፣ መጨመር ያስፈልጋል። ዋቱን እጥፍ ያደረገ ሰው የሚያገኘው 1.41 እጥፍ ርቀት ነው። ይህም ሁኔታው ሲመች ነው።

መሬት አጠገብ ነገሩ ይብሳል። ተቀባዩ ዘንድ አንዱ ሞገድ በቀጥታ፣ ሌላው መሬት ላይ ተንጸባርቆ ይደርሳል። በጣም በተጋደመ ማዕዘን የተንጸባረቀው ፌዙ ተገልብጦ (ከፍታው ዝቅታ፣ ዝቅታው ከፍታ ሆኖ) ስለሚመጣ ሁለቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ። የሁለቱን አንቴናዎች ቁመት በሜትር አባዝተው፣ በ4 አባዝተው፣ በሞገዱ ርዝመት ያካፍሉ፤ ከዚያ ርቀት ወዲያ መንገዱ በእጥፍ በረዘመ ቁጥር የሚደርሰው ኃይል በ16 ይካፈላል። 12 ዴሲቤል ማለት ነው። እዚህ ዋቱን እጥፍ ማድረግ ርቀቱን በ1.19 ብቻ ያበዛዋል፤ 5 ኪሎ ሜትር የነበረው 6 እንኳ አይሞላም። ከ100 ሚሊዋት ወደ 1 ዋት መዝለልም ርቀቱን 1.78 እጥፍ ቢያደርግ ነው።

የዋጋው ነገር ደግሞ በጽሑፉ አልተነሳም። ብቃቱ 50 በመቶ የሆነ የ1 ዋት ማጉያ ከምንጩ 2 ዋት ይወስዳል፤ በ3.3 ቮልት ሲሰላ 600 ሚሊአምፔር ነው። ትንንሽ ባትሪዎች በዚህ ጭነት ቮልቴጃቸው ይወርድና ማይክሮኮንትሮለሩ ልክ ማስተላለፍ ሲጀምር ይቋረጥና እንደገና ይነሳል። ከውጭ ለሚያየው "ርቀቱ አልበቃም" ይመስላል። ካፓሲተር በመጨመር የሚያልፉት ነገርም አይደለም፤ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 600 ሚሊአምፔርን ብቻውን ለ1 ሚሊሰከንድ ቢሸከም ቮልቴጁ 1.3 ቮልት ያህል ይወርዳል፣ አንድ መልእክት ደግሞ አሥርና ሃምሳ ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ዝቅተኛ የሆነ ባትሪ ያስፈልጋል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ኃይል በአንድ ጫፍ ብቻ ሲጨመር ሄዶ የደረሰው መልእክት ማረጋገጫው አይመለስም፤ አስተላላፊው እንዳልተሰማ ቆጥሮ ደጋግሞ ይልካል፣ ባንዱንም ለሌሎች ይዘጋል። ፊልተር የሌለው ርካሽ ማጉያ ደግሞ ሃርሞኒክ፣ ማለትም በፍሪኩዌንሲው ብዜቶች ላይ ያልተፈለገ ሲግናል፣ ይረጫል። የ433.92 ሜጋኸርዝ ሁለተኛ ሃርሞኒክ 867.84 ላይ ነው የሚወድቀው፤ ብዙ ገመድ አልባ መሣሪያ የሚሠራበት የ868 ባንድ መሃል። ከማጉያው በኋላ ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ የሚያግድ ሎው ፓስ ፊልተር ማድረግ ግዴታ ነው፤ የኃይል ጣሪያውን በተመለከተም በየአገሩ ያለውን ደንብ ማየት።

ለመሆኑ ርቀት በዋት የሚለካ ቢሆን የጠፈር መንኮራኩሯን ቮዬጀር 1ን ምን እንላታለን? ከምድር ከ20 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትልከው ከ25 ዋት ባነሰ ኃይል ነው። ያውም በ8.4 ጊጋኸርዝ። ሥራውን የሚሠሩት 3.7 ሜትር ዲያሜትር ያለው የራሷ ሳህን፣ ምድር ላይ ያሉት 70 ሜትር ሳህኖች፣ ወደ ፍጹም ዜሮ በተጠጋ ቅዝቃዜ የሚሠሩ ተቀባዮችና በሰከንድ 160 ቢት የሆነ ቀርፋፋ የመረጃ ፍጥነት ናቸው።

እርግጥ ሁሉም ነገር ተስተካክሎ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ሲጎድል ኃይል መጨመር ያዋጣል። መጀመሪያ የሚነካ ነገር ግን መሆን የለበትም።

አየሩ ሞገዱን ይውጠዋል?

ይህ አባባል ውሃ የማያነሳው በቁጥር ሲታይ ነው። የውሃ ተን የራሱ የመምጠጫ መስመር ያለው 22.2 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ኦክስጅን በ60 ጊጋኸርዝ አካባቢ በኪሎ ሜትር 15 ዴሲቤል ያህል ይወስዳል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ግን ንጹሕ አየር በኪሎ ሜትር የሚወስደው ከ0.01 ዴሲቤል ያንሳል፤ በ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ከ0.1 ዴሲቤል በታች ነው፣ አንድ ያልጠበቀ ኮኔክተር ከዚህ በላይ ያባክናል። ማይክሮዌቭ ምድጃ 2.45 ጊጋኸርዝን የመረጠው ውሃ እዚያ ላይ "ስለሚንቀጠቀጥ" ነው የሚለው የታወቀ ተረትም ልክ አይደለም፤ የፋብሪካ ምድጃዎች በ915 ሜጋኸርዝ ያንኑ ውሃ ያሞቃሉ።

ታዲያ በስሌት ሰንጠረዦች ላይ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ለምን የበለጠ ይጠፋል? በ1 ኪሎ ሜትር የባዶ ጠፈር ኪሳራ ለ433 ሜጋኸርዝ 85 ዴሲቤል፣ ለ2450 ሜጋኸርዝ 100 ዴሲቤል ነው። ይህ የ15 ዴሲቤል ልዩነት አየር ውስጥ የጠፋ ኃይል አይደለም። የመጣው ከአንቴናው መጠን ነው። የ433 ሜጋኸርዝ ግማሽ ሞገድ ዳይፖል (ርዝመቱ የሞገዱ ግማሽ የሆነ ቀላል ዘንግ አንቴና) 620 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከሚያህል ስፋት ላይ ኃይል ይሰበስባል፤ የ2450ው ዳይፖል ከ20 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ። ስሌቱ ሁለቱንም "አንድ ዓይነት አንቴና" ብሎ ስለሚቆጥር ነው። ሃራልድ ፍሪስ በ1946 ያቀረቡት ቀመር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል፤ በሁለቱም ጫፍ ያለው አንቴና በካሬ ሜትር እኩል ስፋት ካለው፣ በትክክል እስከተነጣጠረ ድረስ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ በዚያው በ15 ዴሲቤል የተሻለ ይሆናል። የማይክሮዌቭ መስመሮች በሳህን የሚሠሩት ለዚህ ነው።

"ሁልጊዜ" የሚለውን ቃል የሚያፈርሱ ሁለት ምሳሌዎች ይበቃሉ። 4 ሜትር ስፋት ያለው ዋሻ እንደ ሞገድ ቱቦ ቢቆጠር ከ37.5 ሜጋኸርዝ በታች ያለውን አያሳልፍም፤ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ገና መግቢያው ላይ ሲጠፋ የ900 ሜጋኸርዝ ስልክ ወደ ውስጥ ገባ ብሎም ይሠራል። በአጭር ሞገድ ደግሞ ቀን ቀን የአዮኖስፌር (የላይኛው ከባቢ አየር በኤሌክትሪክ የተሞላ ክፍል) ዲ ንብርብር ዝቅተኛውን ይበልጥ ይመጥጣል፤ 3.5 ሜጋኸርዝ በአካባቢው ሲወሰን በዚያው ሰዓት 14 ሜጋኸርዝ በጥቂት ዋት ከአህጉር አህጉር ይሻገራል። ሲመሽ ይገለበጣል።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ቦታም አለ። ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ኮረብታ ጫፍ ላይ የተሻለ ይታጠፋል፤ የኮንክሪት ግድግዳንና እርጥብ ቅጠልን በተሻለ ያልፋል። በዛፍና በሕንፃ መካከል ለሚሠራ ሴንሰር 433 ከ2400 ቢመረጥ አልከራከርም። ምክንያቱ ግን አየሩ አይደለም።

በዓይን መተያየት

ሬዲዮ ሞገድ የሚጓዘው እንደ ክር ቀጥ ባለ መስመር ላይ ብቻ አይደለም፤ በመስመሩ ዙሪያ ፍሬኔል ዞን የሚባል፣ መሃሉ የሰፋ አካባቢ ያስፈልገዋል። የመሃሉን ራዲየስ በሜትር ለማግኘት ርቀቱን በኪሎ ሜትር ወስደው ለፍሪኩዌንሲው በጊጋኸርዝ ያካፍሉ፣ ካሬ ሥሩን ያውጡ፣ በ8.66 ያባዙ። ለ10 ኪሎ ሜትር በ2.4 ጊጋኸርዝ 17.7 ሜትር ይመጣል። የዚህ 60 በመቶ፣ 10.6 ሜትር ያህል፣ ከማናቸውም መሰናክል ነፃ መሆን አለበት። በ433 ሜጋኸርዝ ራዲየሱ 41.6 ሜትር፣ ነፃ መሆን ያለበትም 25 ሜትር ነው። ጸሐፊው የሚወዱት ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ሰፊ ነፃ ቦታ የሚጠይቀው እሱ መሆኑን ልብ ይሏል።

የጣራ ወይም የኮረብታ ጠርዝ የእይታ መስመሩን ገና ሲነካ፣ ማለትም ዓይን አሁንም ወዲያ ማዶ ሲያይ፣ 6 ዴሲቤል ጠፍቷል። በ30 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ ደግሞ የምድር ጉብታ ብቻውን መሃል ላይ 13 ሜትር ያህል ይነሳል፤ ያውም አየሩ ሞገዱን ወደ ታች እንደሚያጎብጠው ታስቦ። ይኸው መጉበጥ በተቃራኒው ይጠቅማል፤ የሬዲዮ አድማስ ከዓይን አድማስ 15 በመቶ ያህል ይርቃል፣ ስለዚህ የማይታይ ጣቢያም ሊሰማ ይችላል። በዓይን መተያየት እንግዲህ በቂም አይደለም፣ ሁልጊዜም አስፈላጊ አይደለም። ውሃ ወይም ለጥ ያለ ሜዳ ላይ የተንጸባረቀው ሞገድ የሚያጠፋበት ከፍታ ስለሚኖር፣ አንቴናውን በጥቂት ሜትር ዝቅ በማድረግ ሲግናል የሚጨምርበት ጊዜም አለ።

1 ለ 1 የሆነው ኤስ ደብሊው አር

ከአምስቱ ይበልጥ ሰው የሚያሳስተው ይህ ነው፤ መለኪያው ርካሽና ቁጥሩ የሚያረካ ስለሆነ።

50 ኦም ዳሚ ሎድ (በአንቴና ቦታ የሚሰካ መፈተኛ ሬዚስተር) የመጨረሻው ፍጹም ኤስ ደብሊው አር አለው። የሚረጨው ኃይል ግን የለም፤ ሁሉም ሙቀት ይሆናል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው። ኤስ ደብሊው አር የሚናገረው ኃይሉ ወደ ኬብሉ ተመልሶ እንዳልመጣ ብቻ ነው፤ ወዴት እንደሄደ አይናገርም።

ኬብል ራሱ ይዋሻል። ቀጭን ኬብል በ433 ሜጋኸርዝ በአንድ መንገድ 5 ዴሲቤል የሚያባክን ርዝመት ይኑረው እንበል፤ አር ጂ 58 ለሚባለው የተለመደ ቀጭን ኬብል ከ12 እስከ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ጫፉ ላይ ያለው አንቴና ተበጥሶ ወድቋል፤ ምንም የለም። ሲሄድ 5፣ ሲመለስ 5 ዴሲቤል ስለሚጠፋ ከአስተላላፊው አጠገብ ያለው መለኪያ 1.92 ያሳያል። "ከ2 በታች ነው፣ ደህና ነው" ይባላል፤ አንቴናው ግን የለም።

ይበልጥ የሚገርመው አንቴና ሲሻሻል ኤስ ደብሊው አሩ የሚበላሽበት ሁኔታ ነው። ከመሬት በላይ የቆመ የሩብ ሞገድ ዘንግ የመርጨት ሬዚስታንሱ 36 ኦም ያህል ነው። የመሬቱ ኪሳራ 14 ኦም ከሆነ ድምሩ 50፣ ኤስ ደብሊው አሩም ልክ 1 ለ 1 ይሆናል፤ ብቃቱ 72 በመቶ። አሁን ከሥሩ የተዘረጉ ሽቦዎች ጨምረው ኪሳራውን ወደ 4 ኦም ያውርዱት። ድምሩ 40 ኦም፣ ኤስ ደብሊው አሩ 1.25፣ ብቃቱ 90 በመቶ። መለኪያውን ብቻ የሚያምን ሰው ሽቦዎቹን መልሶ ይነቅላቸዋል።

ለ7 ሜጋኸርዝ በ2 ሜትር ዘንግ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሌላው ጫፍ ላይ ነው። የዘንጉ የመርጨት ሬዚስታንስ 1 ኦም አይሞላም፤ ኮይሉና መሬቱ አንድ ላይ 15 ኦም ቢወስዱ ከ100 ዋት የሚረጨው 5 ዋት ያህል ነው። የማስተካከያ ሳጥኑ ቁጥሩን 1 ለ 1 ያደርግለታል፣ 95ቱን ዋት ግን አይመልስለትም። አጭር አንቴና ያለ ማስተካከያ ሰፊ ባንድ ላይ "ጥሩ" ካሳየ መደሰት ሳይሆን መጠርጠር ነው የሚገባው፤ ስፋቱ የመጣው ከኪሳራው ነውና።

በተቃራኒው፣ ሰው ቀን ሙሉ የሚያሳድደው ቁጥር የሚያመጣው ጥቅም ትንሽ ነው። በ1.5 የሚንጸባረቀው 4 በመቶ፣ በ2 ላይ 11 በመቶ፣ በ3 ላይ 25 በመቶ ነው። ይህ የመጨረሻው እንኳ 1.25 ዴሲቤል ብቻ ነው። ከ1.5 ወደ 1.1 ለመውረድ ዘንግ በሚሊ ሜትር መቁረጥ 0.2 ዴሲቤል አያተርፍም።

ጸሐፊው ኤስ ደብሊው አር ከፍ ሲል የመጨረሻው ትራንዚስተር ሊቃጠል ይችላል ማለታቸው ግን እውነት ነው፤ ረጅም ኬብል ላይም ኪሳራው ይጨምራል፣ ለ50 ኦም የተሠራ ፊልተርም ከታሰበለት ውጭ ይሆናል። ስለዚህ ይለካ። ግን እንዲህ፦ የኔትወርክ አናላይዘሩ ኬብሉ ከአንቴናው በሚገናኝበት ጫፍ ላይ በክፍት፣ በአጭርና በ50 ኦም ይስተካከል፣ ከዚያ ሬዚስታንሱና ሪአክታንሱ ለየብቻ ይታዩ። ኬብሉን በእጅ ሲጨብጡ ወይም አንድ ሜትር ሲጨምሩበት ንባቡ ከተወዛወዘ፣ ኬብሉ ራሱ የአንቴናው አካል ሆኗል ማለት ነው፤ ከአንቴናው ሥር በኬብሉ ውጫዊ ገጽ የሚፈሰውን የሚያግድ ፌራይት ወይም ባለን ያስፈልጋል። መርጨቱን ለማወቅ ደግሞ በብዙ የሞገድ ርዝመት ርቀት ላይ ተቀባይ አቁሞ፣ ከሚታወቅ የግማሽ ሞገድ ዳይፖል ጋር እያለዋወጡ ማነጻጸር ነው። ሁለቱም በአንድ ፖላራይዜሽን (የቆመ ወይም የተኛ አቅጣጫ)፣ አንድ ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ቆሞ ሌላው ቢተኛ 20 ዴሲቤል መጥፋቱ የተለመደ ነው።

ከተቀባዩ ፊት ማጉያ

ማጉያ ሲግናልንም ኖይዝንም እኩል ያጎላል፣ የራሱንም ኖይዝ ይጨምራል። የሚጠቅመው ከእሱ በኋላ ያለው ነገር ኖይዛም ወይም ኪሳራ ያለበት ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህም የሚቀመጥበት ቦታ ከሚያጎላው መጠን ይበልጣል።

ኖይዝ ፊገሩ (ራሱ የሚጨምረው ኖይዝ መለኪያ) 6 ዴሲቤል የሆነ ተቀባይ ከፊቱ 3 ዴሲቤል የሚያባክን ኬብል አለው፤ ጠቅላላው 9 ዴሲቤል ነው። 20 ዴሲቤል የሚያጎላ፣ ኖይዝ ፊገሩ 1 ዴሲቤል የሆነ ማጉያ እንግዛለት። ጽሑፉ እንደሚለው ከተቀባዩ ጎን ቢቀመጥ ጠቅላላው ወደ 4.1 ይወርዳል። ያንኑ ማጉያ ከአንቴናው ሥር ቢያደርጉት 1.2 ይሆናል። ዋጋው አንድ፣ ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ያህል፤ ኬብሉ ከማጉያው በፊት የወሰደውን ማንም ሊመልሰው አይችልምና።

ይህ ለ433 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ ነው። በአጭር ሞገድ ግን በአንቴናው የሚገባው የአካባቢና የከባቢ አየር ኖይዝ ከተቀባዩ የራስ ኖይዝ በአሥር ዴሲቤሎች ስለሚበልጥ ማጉያ ምንም አይፈይድም። ለማወቅ ደግሞ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም፦ አንቴናውን ነቅለው 50 ኦም ጭነት ይሰኩ፣ ኖይዙን ይመልከቱ፣ አንቴናውን ይመልሱ። ኖይዙ በ10 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ተቀባዩ መስማት የሚችለውን ሁሉ እየሰማ ነው። ያኔ መፈለግ ያለበት የኖይዙ ምንጭ ነው። ብዙ ጊዜ ምንጩ ራሱ ሰሌዳው ላይ ያለ ስዊቺንግ ሬጉሌተር ይሆናል፤ አንቴናውን አንድ ሁለት ሜትር ማራቅ ከማንኛውም ማጉያ የበለጠ ያተርፋል።

ጽሑፉ ያላነሳው ትልቁ ጉዳት ደግሞ ጠንካራ ሲግናሎች ናቸው። 20 ዴሲቤል የሚያጎላ ማጉያ ከተቀባዩ ፊት ሲቆም የተቀባዩ የመሸከም ጣሪያ በ20 ዴሲቤል ወደ ታች ይወርዳል። በአቅራቢያ ያሉ ሁለት ኃይለኛ አስተላላፊዎች ተቀባዩ ውስጥ ይደባለቁና በአየር ላይ የሌለ ሲግናል ይፈጥራሉ። ይህን ለይቶ ማወቂያው 3 ዴሲቤል አቴንዌተር (ሲግናል የሚቀንስ ዕቃ) ነው። ከአንቴናው ቀጥሎ ያስገቡት፤ የሚረብሸው ሲግናል በ3 ዴሲቤል ከቀነሰ ከውጭ የመጣ ነው፣ በ9 ከቀነሰ ግን ተቀባዩ ራሱ የፈጠረው የሦስተኛ ደረጃ ድብልቅ ነው። በሁለተኛው ጊዜ መድኃኒቱ የሚፈለገውን ባንድ ብቻ የሚያሳልፍ ባንድ ፓስ ፊልተር ነው፤ አንዳንዴም አቴንዌተሩን እዚያው መተው። "ሲግናል ቀንሼ መስማት ቻልኩ" የሚል ሰው ሲያጋጥም አይደነቅ።

የ3 ኪሎ ሜትሩ ምሳሌ

አሁን የጸሐፊውን መገናኛ እናስላው። 1.5 ሜትር ለ1.5 ሜትር፣ የሞገዱ ርዝመት 0.69 ሜትር፤ የመሬት ነጸብራቁ ማጥፋት የሚጀምረው ከ13 ሜትር ጀምሮ ነው። 3 ኪሎ ሜትር ላይ የመንገዱ ኪሳራ 132 ዴሲቤል ያህል ይሆናል፤ ባዶ ጠፈር ቢሆን 95 ነበር። 100 ሚሊዋት 20 ዲቢኤም (ከ1 ሚሊዋት አንጻር በዴሲቤል የተለካ ኃይል) ነው። ለሁለቱ አንቴናዎች 2 እና 2 እንጨምር፣ ለሁለቱ ኬብሎች 4 እና 4 እንቀንስ። ተቀባዩ የሚያገኘው ከዜሮ በታች 116 ዲቢኤም ነው።

የሚያስፈልገውስ? የሙቀት ኖይዝ በ1 ኸርዝ ከዜሮ በታች 174 ዲቢኤም ነው፤ 200 ኪሎኸርዝ ባንድዊድዝ 53 ይጨምርበታል፤ ኖይዝ ፊገሩ 7፣ ለመፍታት የሚያስፈልገው ብልጫ 10 እንበል። ከዜሮ በታች 104 ይመጣል። የጎደለው 12 ዴሲቤል ነው። የጸሐፊው 1 ዋት ማጉያ የሚሰጠው 10። ባትሪው አልቆ፣ ማጉያው ሞቆ፣ መገናኛው አሁንም አይሠራም፤ 2 ዴሲቤል ይቀረዋል፣ ለሲግናል መዋዠቅ የሚተው መጠባበቂያም የለም።

ሌላው መንገድ ይኸውና። ሬዲዮው ውሃ በማያስገባ ሣጥን ከአንቴናው ሥር ይሰቀል፤ በኬብሉ ውስጥ የባትሪ ኃይልና መረጃ ብቻ ይተላለፍ። 8 ዴሲቤል ተመለሰ። ከሁለቱ አንዱ አንቴና ከ1.5 ወደ 6 ሜትር ይነሳ፤ ቁመት በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዴሲቤል ስለሆነ 12 ይገኛል፣ ያውም ለመላክም ለመቀበልም። አሁን የሚደርሰው ከዜሮ በታች 96 ነው፤ 8 ዴሲቤል ተረፈ። ሴንሰሩ የሚልከው ጥቂት ባይት ስለሆነ ባንድዊድዙ ከ200 ወደ 25 ኪሎኸርዝ ይውረድ፤ 9 ዴሲቤል ተጨምሮ መጠባበቂያው 17 ይሆናል። በአየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚረዝም የባትሪው ፍጆታ በዚያው ልክ ከፍ ይላል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ባንድዊድዝ ሲጠብ የሚሰናከሉበት ቦታ የሬዲዮውን ፍሪኩዌንሲ የሚወስነው ክሪስታል ነው። በሰከንድ 4.8 ኪሎቢት፣ በ5 ኪሎኸርዝ ዴቪዬሽን (ከመሃል ወደ ጎን መዛወር) የሚላክ ኤፍ ኤስ ኬ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲ በመቀያየር የሚላክ መረጃ፣ 15 ኪሎኸርዝ ያህል ይይዛል፤ በ25 ኪሎኸርዝ ፊልተር ውስጥ በግራና በቀኝ የሚቀረው 5 ኪሎኸርዝ ነው። ስሕተቱ 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 10 እጅ) የሆነ ተራ ክሪስታል በ433 ሜጋኸርዝ 4.3 ኪሎኸርዝ ይስታል፤ የሁለቱ ጫፎች ስሕተት ተቃራኒ አቅጣጫ ከያዘ 8.7 ይደርስና ሲግናሉ ከፊልተሩ ይወጣል። ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ የነበረው መገናኛ ሌሊት ሲበርድ ዝም የሚለው በዚህ ነው። በሁለቱም ጫፍ 2.5 ፒፒኤም የሆነ በሙቀት የሚስተካከል ኦሲሌተር ሲገባ የሁለቱ ድምር ስሕተት 2.2 ኪሎኸርዝ ይሆናል፤ በፊልተሩ ውስጥ በደንብ ይገባል።